የመንገደኛ ድንጋይ

እንዳለው የሚባል መንገደኛ ቁልቁለቱን አይወርድም፤ ይወድቃል፣ መሬት ከመድረሱ በፊት ግን እግሩ ይደርስለታል። ጀርባው ላይ ያለው ቦርሳ እሱ ሲወርድ ይነሳል፣ እሱ ሲነሳ ይወርዳል። ጎህ ሲቀድ ከጽጽቃ የተነሳ ሰው ጥራሬ ወንዝን የሚያየው ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ነው ይባላል። እሱ አራት ሰዓት ሳይሞላ አየው። አይቶም ቆመ፤ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ወንዙ ሞልቷል። የሞላ ወንዝ ለእንዳለው አዲስ ነገር አይደለም፤ ደመወዙን የሚበላው በውሃ ነው። ይሄኛው ግን ከዳር እስከ ዳር ቀልጦ እንደሚፈስ ሸክላ ነው፤ መሐሉ ጎብጧል። አንድ ግራር ከነሥሩ ተሸክሞ፣ ምንም እንዳልያዘ ሰው እየተጣደፈ አለፈ።

ቀኑ የጳጉሜን መባቻ ነበር፤ ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አራት። ነሐሴ ሳያልቅ ጦርነቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተነስቷል። ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሰው ሰቆጣ ላይ ሸራ ሥር ነው። በዋግ ምድር ስልክ ማለት ሰዓት የሚታይበት ዕቃ ሆኗል፤ ባትሪው ላለቀበት ደግሞ ሰዓትም የለበትም።

የእንዳለው ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። ሚስቱ ሰገነት ሰቆጣ መምህርት ናት። በተጋቡ በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ፀንሳ፣ ሁለት ጊዜም አራት ወር ሳይሞላ ወርዶባታል። ሦስተኛው ጸና። አዋላጇ ምስራቅ በሐምሌ ሆዷን ዳብሳ "ከጳጉሜን አያልፍም" ብላለች። እሱም "እጅሽን ይዤ ነው የምትወልጂው" ብሎ ቃል ሰጥቷል። ቃል የሰጠው በሐምሌ፣ መንገዱ ክፍት በነበረ ጊዜ ነው።

ከቢቸና ተመድቦ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የውሃ ባለሙያ። ተኩሱ ከተነሳ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈቃድ ጠይቆ፣ በመጨረሻ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ጽጽቃ መቆየቱ አለቃውን ስላሳሰበው ተፈቀደለት። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ማኅተሙ ወደ ሰቆጣ እንዲሄድ ነው። እንዳለው አጃቢ ነበር።

በዚያ ሰሞን ጸሎትም አብዝቷል። የሚጸልየው ግን ደብዳቤ እንደሚጽፍ ነው፤ ጉዳዩን፣ ዝርዝሩን፣ ምላሹ የሚጠበቅበትን ቀን። ከትናንት ወዲያ ማታ "እስከ ጳጉሜን አንድ ድረስ ሰቆጣ አድርሰኝ" ብሎ ነበር። ዛሬ ጳጉሜን አንድ ነው፤ ምላሹም ፊት ለፊቱ እየፈሰሰ ነው።

ከሾላው ዛፍ ሥር ዐሥር የሚሆኑ መንገደኞች ተቀምጠዋል። ከሁሉም ዝቅ ብለው፣ ውሃው ዳር፣ ረጅም በትር ጭናቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ አሉ። አያ ጸሐዩ ናቸው፤ የመሻገሪያው ሰው። አባታቸውም አያታቸውም እዚህ ቦታ ላይ ሰው ሲያሻግሩ ኖረዋል።

"አያ ጸሐዩ፣ እንደምን አረፈዱ? እንዴት ነው?"

"ምኑ?"

"ወንዙ።"

"እሱ ደህና ነው። የቆምነው እኛ ነን።"

"ዛሬ እንሻገራለን?"

ሽማግሌው በበትራቸው ጫፍ ጠቆሙት። ውሃው ከንፈር ላይ አንድ በርጩማ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል፤ ማዕበሉ እየመጣ እግሩን ይልሰዋል። በዚህ መሻገሪያ ሕጉ አንድ ነው፤ የድንጋዩ እግር ሳይደርቅ ማንም አይገባም። ሕጉን ያወጣው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ጥሶት የተመለሰ ሰውም የለም።

"አምና የተከልኩት መለኪያስ?" አለ እንዳለው። ቀይና ነጭ የተቀባ ብረት፣ በሲሚንቶ የቆመ፣ ፎቶውም ከሪፖርት ጋር የተላከ ነበር።

"በሐምሌ ሄደ።"

"ወዴት?"

"ወደ ተከዜ ነዋ። ሌላ መንገድ አለው እንዴ?"

"ከሁላችንም ቀድሞ ደረሰ" አሉ ከሾላው ሥር አንዲት መነኩሴ። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ይባላሉ፤ ቢጫ ጀሪካንና መቋሚያ ይዘው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። "ና ልጄ፣ ተቀመጥ። ቆመህ ብታየው አይጎድልም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።"

"እማሆይ፣ እርስዎ አይቸኩሉም?"

"ለዘመን መለወጫ ሰቆጣ ልደርስ ነው የተነሳሁት። የየትኛው ዓመት እንደሆነ ግን ለእግዜር አልነገርኩትም።"

እንዳለው ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ጠጠር ወረወረ፣ ደብተር አውጥቶ የውሃውን ፍጥነት በሚንሳፈፍ እንጨት ለካ፣ አካፈለ፣ አባዛ። ሂሳቡ ወንዙ በዘጠኝ ሰዓት ይጎድላል አለ። በዘጠኝ ሰዓት ወንዙ ጨመረ፤ ላስታ ተራሮች ላይ ዘንቦ ኖሯል። ደብተሩን ከደነው።

በማግስቱ ወፍ ሲንጫጫ ተነሳ። መንገደኛው ተጠቅልሎ ተኝቷል። አያ ጸሐዩ የሉም፤ ዳገቱ ላይ ያለች ጎጇቸው ውስጥ ናቸው። ወደ ውሃው ወረደ። ድንጋዩን ሲያቅፈው ከገመተው በላይ ከባድ ነበር፤ ወገቡ ቀጭ አለ። ሁለት ክንድ ያህል ወደ ላይ ወስዶ አስቀመጠው፣ የነበረበትን ጉድጓድ በአሸዋ ሞላ፣ እግሩን በነጠላው ጫፍ ጠረገለት። ሰው ለሕፃን እንደሚያደርገው አድርጎ ጠረገው። በስድስት ዓመት የመንግሥት ሥራ ብዙ ቁጥር አስተካክሏል፤ ድንጋይ ሲያስተካክል የመጀመሪያው ነው።

ፀሐይ ስትወጣ አያ ጸሐዩ ወረዱ። ድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ ብለው እግሩን ዳሰሱ። መንገደኛው ሁሉ ዓይኑን በእጃቸው ላይ ተከለ።

"ደርቋል" አሉ።

ሰው ተነሳ። ነጠላ ታጠቀ፣ ጫማ ተፈታ፣ አህያ ተጫነ። እንዳለው ከሁሉም ቀድሞ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ ቆመ። ሽማግሌው ተመልሰው ትናንት የተቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ በትራቸውንም ጭናቸው ላይ አጋደሙ።



"አያ ጸሐዩ" አለ እንዳለው። "ሲደርቅ አይደለም የሚሻገሩት?"

"ነው እንጂ።"

"ደርቋል አላሉም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ደርቋል። ቆሎ የያዘ ሰው አለ?"

አንዱ መንገደኛ ከአገልግሉ ቆሎ አወጣላቸው። በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ የሆነ ነገር ተባባሉ፤ አንዳንዱ ሰው እንዳለውን አይቶ ወደ ወንዙ ዞረ፣ ሌላው ወደ ሰማይ። ከዚያ አህያው ተራገፈ፣ ጫማው ተደረገ፣ ሁሉም ተቀመጠ። የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሱሪውን እስከ ጭኑ የሰበሰበው።

"ቁርጭምጭሚትህን ብርድ ይመታዋል" አሉ እማሆይ።

እንዳለው አላረፈም። እስከ ረፋድ ድረስ ወንዙ ዳር አንድ መቶ ርምጃ ይሄዳል፣ አንድ መቶ ርምጃ ይመለሳል። ሰገነት አሁን ከአልጋ ላይ ሆና በሩን እያየች ነው፤ ይህን በዓይኑ ያየው ያህል እርግጠኛ ነበር። በሩ አረንጓዴ ነው። መቀርቀሪያው ይጮኻል፤ ዘይት ሊያደርግለት አስቦ ሳያደርግ የቀረ ነው። ያ መቀርቀሪያ ሳይጮኽ ልትወልድ ነው።

ስድስት ሰዓት አካባቢ በማዶ፣ ባለበቅሎ በሚሄድበት በታችኛው መንገድ፣ ሰዎች ብቅ አሉ። ከሰቆጣ የሚመጡ ናቸው፤ ጥቅልል የያዙ፣ ፍየል የሚጎትቱ። መሐላቸው አንድ በቅሎ አለች፤ በቅሎዋ ላይ ሴት፣ ከሴቲቱ በላይ ወይን ጠጅ ጥላ። የጥላው አንድ አጥንት ወደ ታች ታጥፏል።

ያን አጥንት ያውቀዋል። ራሱ በሽቦ ያሰረው ነው።

"ሰገነት" አለ። ጮኾ አልጠራትም፤ ቢጮኽም ወንዙ አፉን ይዘጋው ነበር። የጥራሬ ድምፅ እንኳን ማዶ ያለን ሰው፣ ጎን ያለውንም በግድ ነው የሚያሰማው።

ለዚህም መሻገሪያው የራሱ መላ አለው። በማዶ አንድ ፂማም ሰው ከወገቡ ወንጭፍ ፈታ። ሦስት ጊዜ ከራሱ በላይ አሽከረከረና ለቀቀ። አንዲት ነጭ ነገር ውሃውን በአየር ተሻግራ ከሾላው ሥር ወደቀች። የሐኪም ጓንት ነው፤ በውስጡ ጠጠርና የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት። አያ ጸሐዩ አንስተው፣ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ያለጥያቄ ለእንዳለው ሰጡት።

"ለአቶ እንዳለው። ሰገነት ናት፤ ከማዶ በአረማመድህ ለየችህ። ትናንት ከተማው ውስጥ ወሬ ተነስቶ ሰው ሲወጣ እኛም ወጣን፤ ወደ አንተ ልናመጣት ብለን። ጥላውን ያየህ መስሏት እያውለበለበች ነውና እጅህን አንሳላት። ምጥ ጠዋት መንገድ ላይ ጀምሯታል። ምላጭም ጓንትም ይዣለሁ። ወንዝ እንዳትገባ፤ ሁለት በሽተኛ አልችልም። ምስራቅ፣ አዋላጅ።"

እጁን አላነሳላትም። ወንዝ ገባ።

ውሃው በሦስተኛው ርምጃ ጭኑን፣ በአራተኛው ወገቡን ያዘው። አምስተኛውን አልረገጠም፤ ከሥሩ መሬቱ ሄዷል። የአያ ጸሐዩ በትር በብብቱ ሥር ገብቶ ባይይዘው ኖሮ መለኪያውን ፍለጋ ተከዜ በወረደ ነበር። ሁለት መንገደኞች ሽማግሌውን ከኋላ አቅፈው ሳቡ። ጭቃ እየተፋ ዳር ላይ ተንበረከከ።

"ይልቀቁኝ" አለ፤ ማንም አልያዘውም። "ደርቋል ብለዋል። በእጅዎ ዳስሰው፣ በአፍዎ ደርቋል ብለዋል።"

"ብያለሁ። ያ ድንጋይ የመንገደኛ ነው።"

በክንዱ ይዘው ከሾላው ጀርባ ወሰዱት፤ ሥሩ ወደ ውሃው የሚገባበት ጋ። በትሩን አጥልቀው አንድ ነገር ነኩበት። እንዳለውም በትሩን ሲይዘው ጫፉ ድንጋይ መምታቱ ተሰማው።

"የወንዙ ድንጋይ ይሄ ነው። ገና ሁለት ክንድ ተኩል ውሃ ከላዩ አለ።"

እንዳለው በትሩን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። "ታዲያ ያኛው ለምን ተቀመጠ?"

"ለሚያነሳው ሰው።"

"ምን?"

"በየክረምቱ አንድ ሰው ያነሳዋል፤ ሳይነሳ የቀረበት ዓመት ትዝ አይለኝም። አምና የቀበሌ ጸሐፊ ነበር። ካቻምና አንድ ቄስ ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ዐሥር ሰው መጠበቅ አልችልም። ድንጋዩን ያነሳውን ሳውቅ ግን የሚዘልለውን አወቅሁ፤ አንዱን እጠብቃለሁ።"

"በምን አወቁኝ?"

"የወንዝ ድንጋይ ሲደርቅ እግሩ ላይ ጭቃ ይቀራል። የዛሬው ድንጋይ ታጥቦ ነበር ያደረው። የነጠላህም ጫፍ ጭቃ ነው።"

እንዳለው የነጠላውን ጫፍ በእጁ ጨብጦ ደበቀ፤ ከረፈደ በኋላ።

እማሆይ ከአጠገቡ ተቀመጡ። "ተመልከት እንግዲህ ልጄ። ትናንት ብትሻገር አንተ እግረኛ ነህ፣ በአቋራጩ በላይ ትወጣለህ። እሷ በበቅሎ በታች ትመጣለች። ዛሬ ይሄኔ ሰቆጣ ላይ ባዶ ቤት ታንኳኳ ነበር። ማን እንዳቆየህ አየህ?"

እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ግን ለጊዜው ምንም አልረዳውም። ባዶ ቤት ማንኳኳት አንድ ነገር ነው፤ ሚስቱ ስምንት ዓመት የጠበቀችው ሊሆን ሲል መቶ ርምጃ ርቆ መቀመጥ ሌላ ነው።

ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። ብዙ ሊጽፍ አስቦ "አለሁ። እዚሁ ነኝ" ብሎ ቆመ። አያ ጸሐዩ ጠጠር አስረው ወነጨፉት። በማዶ ወይን ጠጅዋ ጥላ ከፍ ዝቅ አለች። ያን ጊዜ እጁን አነሳላት፤ እስኪዝል ድረስ አላወረደውም።

ጳጉሜን ሦስት ነጋ። ሩፋኤል ነው። በማዶ ትናንት ማታ የተዘረጋው የእርዳታ ሸራ እንደተዘረጋ ነው፤ ዙሪያውን ሴቶች ነጠላቸውን እርስ በርስ ይዘው ግድግዳ ሆነዋል። ምጡ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሆነው። እንዳለው ማኅተሙን ከተጠቀለለበት ላስቲክ ሳያወጣ እየጨበጠ እየለቀቀ ያያል። ወንዙ ሲነጋ አንድ ክንድ ጎድሎ ነበር፤ በትሩን ለምኖ ራሱ ለክቶታል።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ዘነበ።

የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው፤ ሰማይ በዚያች ቀን ክፍት ነው ይባላል። መንገደኛው በሙሉ ከሾላው ሥር ወጣ። ሴቶች ሻሻቸውን ፈቱ፤ አንድ አዛውንት መንገደኛ ጋቢያቸውን ጥለው ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጡ፤ እማሆይ ጀሪካናቸውን ከፍተው አፉን ወደ ሰማይ አቆሙ። እንዳለው ብቻ ከዛፉ ሥር ቀርቶ ዝናቡን እንደ ጠላት አየው።

"ና ውጣ" አሉት እማሆይ።

"እማሆይ፣ ይሄ እኮ ወንዙን ይሞላዋል።"

"ይሞላዋል።"

"እና ደስ ይበለኝ?"

"ደስ ይበልህ አላልኩም፤ ውጣ ነው ያልኩህ። ማኅፀን ፈቺው ሩፋኤል ነው፣ አንተ አይደለህም። ለእሱም ቀን ቆርጠህ ሰጥተኸዋል መሰል።"

ወጣ። የወጣው አምኖ አይደለም፤ ቆሞ የሚሠራው ስላልነበረው ነው። ውሃው ከራሱ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ወገቡ ወረደ። በማዶ ያሉት ሴቶችም በዚያው ዝናብ ውስጥ ናቸው፤ ወንዝ የሚለየውን ሰው ዝናብ እንደማይለየው ያኔ አየ። ለመጸለይ አፉን ከፈተ። ጉዳዩን ተናገረ። ዝርዝሩን ተወው። ቀኑ ጋ ሲደርስ የሚጽፈው ቀን አጣ። ደብዳቤውን እንዲያው ሳይቋጭ ላከው።

ዝናቡ ቆመ። ወንዙ ጨመረ፣ የወንዙ ድንጋይም ይበልጥ ጠለቀ። 

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ የነጠላው ግድግዳ ፈረሰ። ሴቶቹ እጃቸውን አነሱ፣ አፋቸው ተከፈተ፣ ምላሳቸው ተርገበገበ። ድምፅ የለም። የጥራሬ ጩኸት እልልታውን ሁሉ በላው፤ እንዳለው እልልታን በዓይኑ ሰማ። ወንድ ይሁን ሴት ለማወቅ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሊቆጥር ሞክሮ ዓይኑ ውሃ ሞላበት።

ወንጭፉ ዞረ። ጓንት ወደቀ።

"ሴት ናት። እናትም ልጅም ደህና። የልጅቷ ጩኸት ከወንዙ ይበልጣል፤ አንተ አለመስማትህ ነው። ሰገነት እንዲህ በይው ብላለች፦ ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው ሁለት ቀን አይክበደው። ምስራቅ።"

አነበበው። ጮኾ ለሁሉም አነበበው። ከዚያ ቁጭ ብሎ መልስ ጻፈ፤ የእስክሪብቶው ቀለም በእርጥቡ ወረቀት ላይ ፈሰሰ። ደግሞ ጻፈ፣ ደግሞ ፈሰሰ። በመጨረሻ ቦርሳውን ከፍቶ የጽሕፈት ቤቱን ማኅተም አወጣ፤ የማኅተም ቀለም ውሃ አይፈራም። ክቡን ማኅተም በወረቀቱ መሐል አሳረፈ። አያ ጸሐዩ አገላብጠው አዩት።

"ምን ይላል?"

"ደርሶኛል ይላል።"

"ሕጋዊ ነው" አሉና ወነጨፉት።

ጳጉሜን አራት ፀሐይ ጠንክራ ወጣች። ወንዙ ከረፋዱ ጀምሮ ጎደለ፤ ዳሩ ላይ የጭቃ መስመር እየተወ ወረደ። ከሾላው ሥር ጀርባ መጀመሪያ የድንጋዩ አናት፣ ኋላ ትከሻው ታየ። በማዶ ሰገነት ከሸራው ወጥታ ተቀምጣለች፤ ጥላዋ ተዘርግቷል፣ ጉልበቷ ላይ ጥቅልል አለ። ጥቅልሉን አንስታ ወደ እሱ አዞረችው። ፊት ለመለየት ሩቅ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ አያ ጸሐዩ ተነሱ፤ በትራቸውን ተደገፉ። መንገደኛው ታጠቀ።

"በል የውሃ ባለሙያ፣ ያንተ ጉዳይ የቸኮለ ነው፤ አንተ ቅደም። ለጎበዝ ይበቃል አሁን።"

እንዳለው ከሾላው ጀርባ ሄደ። ቁጢጥ ብሎ የወንዙን ድንጋይ ከትከሻው ጀምሮ ወደ ታች ዳሰሰው። እጁን አውጥቶ አየ። እማሆይን አየ፤ መቋሚያቸውን ይዘው ጀሪካኑን ያነገቱ፣ ነፋስ የሚገፋቸው። ተመልሶ መጣ።

"እግሩ እርጥብ ነው" አለ።

"ለአንተ ይበቃል እኮ ነው ያልኩህ።"

"ለእማሆይ አይበቃም። አብረን ነን።"

ሽማግሌው ቆመው አዩት። ከዚያ በኽምጥኛ አንዲት ቃል ለመንገደኛው ጣሉ፤ ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም ተመልሶ ተቀመጠ።

"ምን አሉ?" አለ እንዳለው።

"ዘንድሮ የሚጠበቅ ሰው የለኝም፣ ልተኛ አሉ" አሉት እማሆይ።

አያ ጸሐዩም በእውነት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ጋደም አሉ። እንዳለው መቀመጫ ፈለገ። ከአሸዋው በላይ ሁለት ክንድ ርቆ፣ ታጥቦ፣ ነጽቶ፣ አንድ በርጩማ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ነበር። ተቀመጠበት።  በማዶ ወይን ጠጅዋ ጥላ ከፍ አለች፣ ዝቅ አለች። እሱም እጁን አነሳላት። ድንጋዩ ከሥሩ ከፀሐይዋ የተነሳ ሞቅ ብሏል።